የአጽመ ርስቱ ሁለተኛ ገጽ

ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሹም ረፋድ ላይ ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው ፊት እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ «በትራስ ታፍነው ነው» አለ። መርማሪዋ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ በመስኮቱ ማዶ የቤተሰቡ መቃብሮች ተደርድረው ይታያሉ፤ የሟቹም ዐይኖች እዚያው ላይ ተተክለው ቀርተዋል።

ከወንበሩ መቀመጫና መደገፊያ መሀል የተሸጎጠ ወረቀት አገኘች። «አጽመ ርስት፣ ገጽ ሁለት» ይላል። ገጽ አንድ የለም። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አጋድማ ስታየው ግን የብዕሩ ጫና የላይኛውን ገጽ ፊደላት አትሞበታል። አንብባ ኪሷ ከተተችው።

ጠዋት ቤት የነበሩት ሦስት ናቸው፦ በማደጎ ያደገው ታላቅ ልጅ፣ የአብራካቸው ክፋይ የሆነችው ታናሽ እህቱና የቤተሰቡ ጠበቃ። ለየብቻ ጠየቀቻቸው። «አጽመ ርስት ምንድን ነው?»

ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «የጥንት ቃል ነው፤ ከአባት ከአያት በዘር የሚወርድ መሬት ማለት ነው። ማብራሪያ ሊጽፉልኝ ነበር፤ ገና አላየሁትም።»

እህትየው እንባዋን እየጠረገች፣ «እኔ ምኑን አውቄው? አባዬ ከነጋ በሩን ዘግቶ ሲጽፍ ነበር፤ ማንንም አላናገረም» አለች።

ታላቅየው መሬት መሬት እያየ፣ «ባዕድ ደም የማይረግጠው አፈር ነው» አለ።

«ጽሑፉን አይተውታል?»

«ኧረ በጭራሽ! እዚህ ክፍል ከገባሁ ሳምንት አልፎኛል።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ አንደኛውን ገጽ አንብቦ ወስዶታል» ብላ ጀመረች። «ሁለተኛው ግን በግብግቡ መሀል ወንበሩ ውስጥ ተሸጎጠና አላየውም። በላዩ የታተመው ቃል ‹ባዕድ ደም የማይረግጠው አፈር› ይላል። ይህ የሕግ መጽሐፍ ቋንቋ አይደለም፤ ሟቹ ዛሬ ጠዋት፣ በራቸውን ዘግተው የጻፉት ነው። ቃል በቃል የነገሩኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።»

«ጋሼ!» አለች እህትየው።

ታላቅየው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አባዬ ስለው ኖሬ ባዕድ አለኝ! እነዚያ ሙታን ሁሉ በመስኮቱ ‹ውጣልን› የሚሉኝ መሰለኝ።»

መርማሪዋ ሁለተኛውን ገጽ ሰጠችው፤ እንዲህ ይላል፦

«የጥንቶቹ እንዲህ ይሉ ነበር። እኔ ግን ልጄን በእጄ አሳድጌዋለሁ፤ አጥንቴ እሱ ነው። መሬቱን ከእህቱ እኩል ይካፈል። ከመቃብሬ አጠገብም ቦታ ይተውለት።»

አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ለእህቱ ዘረጋላትና፣ «እስቲ አንቺ አንብቢልኝ፤ ፊደሉ ጠፋኝ» አላት።

እሷ እጇን ሰበሰበች።