ካንዴላው ደህና ነበር

ይሄን በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያውም በጠራራ ፀሐይ። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ፒካፕ መኪና ከኋላዬ ሲመጣ መንገድ ለቅቄ ነው የማሳልፈው።

ጊዜው ግንቦት 1970 ዓ.ም.። ቦታው አቃቂ በሰቃ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል...

ነገሩ የጀመረው በካንዴላ ነው። አትሳቁ። ካንዴላ ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥል ትንሽ ዕቃ ነው። ሲያረጅ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ መኪናው ዳገት አልወጣም ይላል።

የእኔም ፒካፕ እንደዚያ ሆነች። ከመንግሥት ሐራጅ ከገዛኋት ገና ሁለት ወሯ ነበር። ከእኔ በፊት ማን እንደነዳት፣ ምን እንደጫነባት አልጠየቅኩም። በዚያ ዘመን ማን ይጠይቃል?

ባዶዋን እንኳ እያቃሰተች ነበር የምትሄደው። ከጀርባዬ ደግሞ አንድ ድምፅ አለ።

ቋ... ቋ ቋ... ቋ...

"ካንዴላው ነው" እላለሁ ለራሴ።

አራት አዲስ ካንዴላ ቤት አስቀምጬ ነበር። ያኔ ተፈልጎ የማይገኝ ዕቃ ነው። ወንድሜ ደርዊሽ ነው ገና መኪና ሳልገዛ፣ መግዛትህ አይቀርም ብሎ የጅቡቲ ባቡር ሠራተኞችን ለምኖ ያመጣልኝ።

ደርዊሽ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሾፌሩን ሊያስቆም ሲፈልግ የጋቢናውን ጣሪያ ሁለት ጊዜ ይመታና፣ ቆየት ብሎ አንድ ይጨምራል። የቤታችንንም በር የሚያንኳኳው እንደዚያው ነበር።

ጥር ላይ የደርግ ሰዎች ከቤት ወሰዱት።

ስንቅ ይዤ ያልሄድኩበት እስር ቤት የለም። "እዚህ የለም" ነው መልሳቸው። እናቴ ሳዲያ ግን ይመጣል ትላለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የግቢውን በር ገርበብ አድርጋ ነው የምታድረው፤ መቀርቀሪያውን ነክታው አታውቅም። "ሲመጣ ተዘግቶበት እንዳይቆም" ትለኛለች።

እኔም የራሴ ነገር ነበረኝ። ካንዴላውን እሱ ሲመጣ አብረን እንቀይረዋለን ብዬ ነበር። ሳይመጣ ከቀየርኩት... ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ነው።

ያን ቀን ግን ተሸነፍኩ። መኪናዋን ጋሽ ወልደገብርኤል ዘንድ ወሰድኳት። ከባቡር ጋራዥ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። አሮጌዎቹን አራት ካንዴላዎች ፈትተው በመዳፋቸው ላይ ደርድረው አዩዋቸው።

"ከማለዲን፣ ይሄ እኮ ደህና ነው።"

"እንዴት ደህና ይሆናል ጋሼ? ዳገት እምቢ ብላኛለች።"

"ቡና ዓይነት ቀለም አለው። በደንብ እየነደደ ነው ማለት ነው።" ቀና ብለው አዩኝ። "ስንት ሰው ነው የምትጭነው?"

"ሰው ጭኜ አላውቅም።"

ወደ ኋላ ዞረው ጎንበስ አሉ። ጭነት የሚሸከመው የኋላ ባሌስትራ ሙሉ በሙሉ ተኝቷል።

መኪናዋ ግን ባዶ ናት...

በግድ አስቀየርኳቸው። ተናድጄም ነበር፣ ፈርቼም ነበር። የደርዊሽ ካንዴላ ሲገባ ማየት አቅቶኝ ፊቴን አዞርኩ።

ልንሞክራት ወጣን። እሳቸው ከጎኔ ተቀመጡ። ቃሊቲ ስንገባ መኪናዋ እንደገና ትጎተት ጀመር።

ቋ... ቋ...

"ሰሙ? አሁንም ይንተፋተፋል።"

ጆሯቸውን ወደ ኋላ መስታወቱ አስጠጉ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ሞተሩን አጥፋው።"

አጠፋሁት። ቁልቁለት ስለነበር መኪናዋ በዝምታ መንከባለሏን ቀጠለች።

ቋ።

"ይሄ የሞተር አይደለም" አሉኝ በሹክሹክታ። "ይሄ የእጅ ነው።"

ዞሬ በኋላ መስታወቱ አየሁ፤ ማንም የለም።

"ወራጅ አለ እያሉህ ነው። አቁምላቸው።"

"እነማን ናቸው?"

"አቁም ልጄ..."

ሁለት ወር ሙሉ ሲያንኳኩ፣ እኔ ካንዴላ ነው እያልኩ አልፌያቸዋለሁ።

አቆምኩ። አንዲት ሴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ያኔ ለተገደለ ልጅ ማልቀስም ክልክል ነበርና ዝም ብላ መንገዱን ታያለች። የመኪናዋ ኋላ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ማንም አልወረደም። ሴትየዋ ግን ድንገት ተነሳች፣ ለአንድ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ሰው ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ ከዚያም ተከትላ ገባች።

ሳሪስም አንዴ አቆምን። የመኪናዋ ኋላ ደግሞ ከፍ አለ።

ዞረን ወደ አቃቂ ስንመለስ ጋሽ ወልደገብርኤል አንገታቸውን አውጥተው ገና ትንሽ ዝቅ ያለውን የመኪናዋን ኋላ አዩ።

"አንድ ቀርቷል" አሉ።

በሆዴ እለምን ነበር። ያ ረቢ፣ የትም ይውረድ፤ እኛ ሰፈር ብቻ አይሁን። ቃሊቲን ጨረስን፣ ዝም። የአቃቂን ድልድይ ተሻገርን፣ ዝም። ሰፈር ስንገባ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባ ነበር።

የቤታችን በር ታየኝ።

ቋ ቋ... ቋ።

ጋሽ ወልደገብርኤል አማተቡ። እኔ አላቆምኩም። ካቆምኩለት ሞቷል ማለት ነው። በሩን አለፍኩት።

ቋ ቋ...

ቋ።

ሁለተኛው ቀስ ያለ ነበር። የደከመ ሰው ምት ነበር። አላስቻለኝም፣ ፍሬኑን ያዝኩት።

እናቴ ከጎረቤት ሱቅ ወጥታ ስትመጣ አየችን። "ምነው ከማለዲን፣ ቤትህን አለፍከው?" አለችኝ በመስኮቱ።

የመኪናዋ ኋላ ከፍ አለ።

እናቴ የምትለውን ረሳችው። ወደ ግቢያችን ዞረች። እኔም ወርጄ ከጎኗ ቆምኩ፣ ጋሽ ወልደገብርኤልም ወረዱ። ከእናቴና ከእኔ በቀር በቤታችን የሚኖር ሰው የለም።

አራት ወር ሙሉ ገርበብ ብሎ የከረመው በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ከዚያ መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲገባ ሦስታችንም ሰማነው።