አፍንጫ የነካው በሶብላ

በቅዱስ አንቶኒዮ እምላለሁ፣ ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ነጥብ እውነት ነው! ከዋሸሁ የባጃጄ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ይበጠስ። «አዴሊኖ ደግሞ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል?» የምትሉ የሰፈሬ ልጆች ለዛሬ አፋችሁን ያዙልኝ።

ሥራዬ ሊዝቦን ውስጥ ቱሪስት በባጃጅ ማዞር ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ ወይም እሱ ነው የተወኝ። ታሪክ ግን እችላለሁ። የማላውቀውን እዚያው መሪ እንደያዝኩ እፈጥረዋለሁ። ደንበኛ ጠይቆኝ መልስ ያጣሁበት ቀን የለም።

ያን ቀን አልፋማ ሰፈር፣ ደረጃው ሥር ቆሜያለሁ። ቀይ ቦርሳ በጀርባዋ ያዘለች ሴት መጣችና ኋላ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ላብ በላብ ሆናለች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ቀና ብላ አየችኝ... ምን ልበላችሁ! ልቤ ቁልፍ ሳይዞርለት ተነሳ።

ቋንቋችንን የማታውቅ መስሎኝ በአፌም በእጄም እያደባለቅሁ ጀመርኩ።

«ይህ ደረጃ ይታይሻል እመቤቴ? ጥንት አንድ ንጉሥ ለፍየሉ ያሠራው ነው። ፍየሏ ሪህ ነበረባት። ሐኪሞቹ ደረጃ ትውጣ ብለው አዘዙላት...»

አገጯን በእጇ ደግፋ ሰማችኝ። እኔም ፍየሏን አሳከምኩ፣ ዳርኩ፣ «ኩሉን ማን ኳለሽ» አስዘፈንኩላት፣ በመጨረሻም በክብር ቀበርኩ።

«ጨረስክ?» አለችኝ፤ በገዛ ቋንቋችን! አነጋገሯ ግን ስኳር የገባበት፣ የብራዚል ነው።

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

«እኛ አገር የሞኝ ቀልድ ሲወራ ባለታሪኩ ሁልጊዜ የእናንተ አገር ሰው ነው» አለች። «ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።»

«ቋንቋውን የሰጠናችሁ እኮ እኛ ነን!»

«አዎ፤ ሳይጣፍጥ። እኛ ነን ያጣፈጥነው። ይልቅ ንዳ፣ የፍየል ሐኪም!»

ነዳሁ። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛውም ቀን።

ዳልቫ ትባላለች፤ የብራዚል የባሕር ወደብ ከተማ የሬሲፌ ልጅ ናት፤ መነጽር ሠሪ። እናቷ ካረፉ በኋላ ቤቱን ዘግታ ዓመት ሙሉ ትልልቅ ከተሞችን ስትዞር ከርማለች። ለሽርሽር ብቻ አልነበረም፤ የምትኖርበትን እየመረጠች ነው። መርጣም ጨርሳለች። ሊዝቦን የመጣችው አውሮፕላኗ ከዚህ ስለሚነሳ ብቻ ነው። በቅዱስ አንቶኒዮ በዓል ዕለት ወደ ኢስታንቡል ትበራለች... ለመኖር።

«ከሁሉ ኢስታንቡልን ለምን?» አልኳት፤ አንድ ዳገት ላይ ሞተሩን እያስተነፈስኩ።

«ኔፕልስ ስትጮህብኝ ወደድኳት። ቡዳፔስት እንደ ቆንጆ አሮጊት ናት። አቴንስ ሰዉ ሁሉ ሁሉን ያውቃል፤ ደከመኝ። ኢስታንቡል ግን... ጀልባ ላይ አንድ ሻይ አዟሪ ነበር። ‹እዚህ ብኖር ይሳካልኝ ይሆን?› አልኩት። ‹እኔ አላውቅም እህቴ፤ ሻይሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል› አለኝ።»

«እና?»

«እናማ አመንኩት። አባቴ ለሁሉ ነገር መልስ ነበረው አዴሊኖ። ‹ነገ እመለሳለሁ› ብሎ ወጣ። እናቴ እስክትሞት በር በር ስታይ ኖረች። ስለዚህ የማያውቀውን አላውቅም የሚል ሰው ያለበት ከተማ... እንቅልፍ ይወስደኛል።»

እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ «አላውቅም» ብዬ አላውቅም!

ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለኝ። ሳትስቅ ከዋለች እጨነቃለሁ፤ ከሳቀች ደግሞ ስትሄድ ይህን ሳቅ ከየት አገኛለሁ ብዬ የባሰ እጨነቃለሁ።

ዳልቫ ክፍል የተከራየችው እትዬ ኤርሜሊንዳ ቤት ነው። እትዬ ኤርሜሊንዳ በሯ ላይ ሰርዲን ትጠብሳለች፣ በሶብላ ትሸጣለች፣ የሰፈሩን ወሬ ደግሞ በነፃ ታድላለች።

«አንተ ልጅ፣ ፊትህ የተቀቀለ ድንች መሰለ። ምን ሆንክ?»

«ልትሄድ ነው እትዬ።»

«ንገራታ!»

«አታምነኝም።»

«እሱስ ልክ ነህ። እኔ ራሴ ሰላም ስትለኝ ዞር ብዬ ሰው ጠይቄ ነው የማምንህ።» ከሰሉን አራገበች። «በል ነገ ዋዜማው ነው። አንድ በሶብላ ያዝ።»

እዚህ አገር በቅዱስ አንቶኒዮ ዋዜማ ወንድ ለወደዳት ሴት በሸክላ የተተከለ በሶብላ ይሰጣል። ሰጠህ ማለት ተናገርክ ማለት ነው።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ በሰርዲን ጭስ ታፈነ። የወረቀት ጌጥ ከመስኮት መስኮት ተዘርግቷል። ዳልቫ አሣዋን ዳቦ ላይ አስቀምጣ ጣቷን ትልሳለች። እኔ በሶብላውን ከጀርባዬ ደብቄ ቆሜያለሁ።

«ዳልቫ... ይኼ ያንቺ ነው።»

«ለእኔ? እንዴት ያምራል!»

«ቆይ! በአፍንጫሽ እንዳትነኪው! መዳፍሽን ከላዩ ታሳርፊና መዳፍሽን ነው የምታሸቺው። አፍንጫ ከነካው ይደርቃል።»

አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ይኼ ደግሞ የፍየሏ ወንድም ነው!»

«እውነቴን ነው! ሌላም እውነት አለ... እወድሻለሁ።»

ሳቋ ቆመ። ለአንድ አፍታ ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር አየሁ። ከዚያ ጠፋ።

«ይህቺንስ ለስንት ቱሪስት ነገርክ?» አለች ቀስ ብላ። ይህን ብላ አፍንጫዋን በሶብላው ውስጥ ቅብር!

«ኧረ በስመ አብ!» እትዬ ኤርሜሊንዳ አማተበች።

ዳልቫ ሸክላውን አቅፋ ወደ ክፍሏ ወጣች። ደረጃው ላይ ሆና ሳትዞር «ነገ ጠዋት ወደ አውሮፕላን ጣቢያው ታደርሰኛለህ አይደል?» አለችኝ።

«አደርስሻለሁ» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። አልወጣችም። ሰዓቱ ሄደ። ታክሲ ጠርታ ይሆን? በጓሮ ወጥታ ይሆን? ቀይ ነገር ባየሁ ቁጥር የእሷ ቦርሳ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። የፖስታ ሳጥኑ እንኳ ሁለቴ አስደነገጠኝ። መሪው ፊት የለጠፍኩት የቅዱስ አንቶኒዮ ምስል አለ። እህቶቼ ባል ሲዘገይባቸው «ባል አምጣልን» ብለው ዘቅዝቀው ሲያስቀምጡት እስቅባቸው ነበር። ነቀልኩና ዘቀዘቅሁት።

«እሷን ካላወረድክልኝ እንዲሁ ተዘቅዝቀህ ትኖራለህ!»

በሩ ተከፈተ።

ዳልቫ ቦርሳዋን አዝላለች፤ ሸክላውን በሁለት እጇ ይዛለች። በሶብላው አፍንጫዋ ከነካው ቦታ ጀምሮ እስከ ሥሩ ጠውልጎ ጠቁሯል።

«ደረቀ...» አለች። ድምጿ ተሰብሯል።

ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን አየሁት።

«እውነት ነበር እንዴ?»

«እውነት ነበር።»

«የፍየሏስ?»

«እሷ ውሸት ናት።»

«ማታ ስለ እኔ ያልከውስ?»

«እሱ እውነት ነው።»

ወጥታ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ንዳ፤ ይረፍድብኛል።»

ያን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት ፈጣሪ ይወቅ። በየቀይ መብራቱ አረንጓዴውን «አትብራ፣ አትብራ» እለዋለሁ። በመስተዋቱ ሳያት ደረቁን በሶብላ ታየዋለች።

ደረስን። ሞተሩን አጠፋሁ። አልወረደችም።

«አዴሊኖ...»

«አቤት።»

«ብቀር ምን ይሆናል? ደስ ይለኝ ይሆን? ወይስ አንተም አንድ ቀን ‹ነገ እመለሳለሁ› ብለህ...»

ተረቶቼ ሁሉ ምላሴ ላይ ተሰለፉ። ባሕር የሚያይ ቤት፣ ሰባት ልጅ፣ ጠብ የሌለበት ትዳር! አፌን ከፈትኩ። እሷ ትንፋሿን ይዛለች። አንዱን ብናገር እንደማጣት ገባኝ፤ ዝም ብልም አጣታለሁ።

«አላውቅም» አልኩ።

ዓይኗ ፈጠጠ።

«አላውቅም ዳልቫ። ነገን አላውቅም። ፈርቻለሁ። ከዚህ ወርደሽ ስትሄጂ ምን እንደምሆን ራሱ አላውቅም። ዛሬ ግን አለሁ።»

ከኋላችን መኪና ጡሩምባ ይነፋል። አንድ ፖሊስ ፊሽካውን እየነፋ መጣ።

«እዚህ መቆም ክልክል ነው! ሴትዮዋ ትወርዳለች ወይስ አትወርድም?»

«እኔ አላውቅም ጌታዬ!» ብዬ ጮህኩ፤ ከልቤ።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ስል ዳልቫ እየሳቀች ታለቅሳለች። እንባዋ ደረቁ በሶብላ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«አልወርድም» አለችው ፖሊሱን። ከዚያ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፣ መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና አሸተተችው። «እንዲህ ነው አይደል የሚሸተተው?»

ቅዱስ አንቶኒዮን እዚያው አቀናሁት።

በዓመቱ በዋዜማው ዕለት ተጋባን። ዛሬ ዳልቫ ግራሳ ሰፈር፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ መነጽር ቤት አላት። ዳገቱን ወጥቶ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የኔ ባጃጅ ያመጣው ነው።

ምዬላችሁ ነበር። አንዷን ግን ፈጥሬያታለሁ፤ መቼም አዴሊኖ ነኝ። በሶብላው አፍንጫዋ ከነካው ቦታ ጀምሮ ጠወለገ ያልኳችሁ... አይደለም። እትዬ ኤርሜሊንዳ ናት ዳልቫ እንድታምነኝ ብላ በሌሊት ክፍሏ ሾልካ ገብታ የሰርዲን ጨው ውኃዋን የደፋችበት። የሠርጋችን ቀን ሞቅ ሲላት ጆሮዬ ሥር ነገረችኝ።

ሳምንት ሙሉ ታመምኩ። ብነግራት ትሄድ ይሆን? ባልነግራት እንደ አባቷ ሆንኩ ማለት አይደል? መጨረሻ ላይ ሱቋ ሄጄ ተናዘዝኩ።

ዓይኗን ከምታጸዳው መነጽር ላይ እንኳ አላነሳችም።

«የሬሲፌ ልጅ ነኝ እኮ አዴሊኖ። የአሣ ጨው ሽታ ይጠፋኛል? ያን ጠዋት ገና ሳነሳው ነው የሸተተኝ።»

«ታዲያ... ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

መነጽሩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ በእሱ ውስጥ አየችኝ። ፈገግ አለች።

«አላውቅም» አለችኝ።