ክፍል አራት አረንጓዴ ነበር

አስከሬኑ ከክፍል አራት ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ሸራ ለብሷል። ከሸራው ሥር የወጡት ጫማዎች ማሰሪያቸው ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። መርማሪዋ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ይህን ነበር። የጫማውን ማሰሪያ ሁለት ጊዜ የሚቋጥር ሰው ዝም ብሎ በር የሚከፍት እንዳልሆነ በልቧ ያዘች።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ቅጥነቷ ብቻ አይደለም፤ በገባችበት ቦታ ሁሉ አንድ ሰው «ወይኔ!» ማለቱ አይቀርም።

ቦታው ስድስት ክፍል ያለው የፖም መጋዘን ነው። ፖሙ ለወራት ሳይበላሽ እንዲቆይ ክፍሎቹ ይታሸጉና ከአየሩ ውስጥ ኦክስጅኑ ይወጣል። ፖሙ እንደተኛ ይቆያል፤ ሰው ከገባ ግን ብዙም ሳይተነፍስ ይወድቃል። ስለዚህ ማንም ከመግባቱ በፊት በማራገቢያ ንጹሕ አየር ይገባበታል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሴንሰርም ልኬቱን ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ይልካል። አረንጓዴ ከሆነ ይገባል። ቀይ ከሆነ አይገባም።

ሟቹ ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት የመጋዘኑ ሹም ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ክፍል አራትን ከፍቶ ገባ፤ በእግሩ አልወጣም። በሬዲዮ «ግባ» ያለችው ስክሪኑን የምትጠብቀው ሠራተኛ ናት። ሠራተኛዋ የገዛ ልጁ ናት።

«ቀይ ነበር» አለ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ። ሱፉ ገና ከካውያ የወጣ ይመስላል፤ ወገቡ ላይ ሬዲዮ ተንጠልጥሏል። የታተመ ወረቀት ዘረጋላት። «ይኸው፤ ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ ክፍል አራት፣ ኦክስጅን ከመቶ ሁለት ነጥብ አንድ። ቀይ። ክፍል ሦስት ሃያ ነጥብ ስምንት። አረንጓዴ። ልጅቷ መስመር ስታ አንብባ ነው። ያሳዝናል፤ ግን የተሳሳተው ሰው ነው እንጂ ሲስተሙ አይደለም።»

«ስለ ሲስተሙ መች ጠየቅሁዎት?»

«አይ፣ ይህ እኮ ከደንበኞቻችንና ከአጋሮቻችን ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን ያበለጸግነው የተቀናጀ መፍትሔ ነው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ አዲስ ደንበኞች ሊጎበኙት ነበር። ማራገቢያውን በስልክ አዘን፣ ክፍል አራት ከቀይ ወደ አረንጓዴ መቀየሩን ልናሳያቸው…»

«ልጅቷ ግባ ስትለው ሰምተዋል?»

«በሚገባ! "አረንጓዴ ነው አባዬ፣ ግባ" ስትለው በዚህ ሬዲዮ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ» አለ ወገቡን መታ አድርጎ። «ካስፈለገ እመሰክራለሁ።»

«ጠዋት ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ከእኔ በፊት የገባ የለም። ክፍል ሦስት ባዶ ስለሆነ ለእንግዶቹ ወንበር ስደረድር፣ ባነር ስሰቅል ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አሥረኛውን ወንበር ስሸከም የፖሙ ባለቤት፣ ነጋዴዋ ራሳቸው አይተውኛል። የሚያግዝ እንኳ አልነበረም!»

መርማሪዋ ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የታተመበት ሰዓት ከታች በኩል ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል፤ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ይላል።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ጠባብ ነው። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የይለፍ ቃሉ በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል፤ ፈልጎ ያጣ ሰው እንዳይቸገር ይመስላል። ልጅቷ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዐይኗ ቀልቷል፤ እያለቀሰች ግን አልነበረም።

«አረንጓዴ ነበር» አለች ሳትጠየቅ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አረንጓዴ ነበር አልኩ! በዐይኔ ያየሁትን! አሁን ሲከፍቱልኝ ግን ቀይ ነው። መዝገቡ ሁሉ ቀይ ነው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ? ሁሉም ከንፈር ይመጥልኛል እንጂ ማንም አይነግረኝም። እርስዎ ይንገሩኝ።»

መርማሪዋ ሰው ለማጽናናት አትቸኩልም፤ ያልተጣራ ማጽናኛ ኋላ እንደሚያቃጥል ታውቃለች። «አሁን አላውቅም። ዛሬ ሳይመሽ ግን አውቃለሁ» አለቻት።

ልጅቷ ከመሳቢያው ደብተር አወጣች። «አባዬ ነው በየግማሽ ሰዓቱ በእርሳስ ጻፊ የሚለኝ። መብራት ቢጠፋስ ይላል። የፕሮጀክቱ ሰዎች ይሥቁበት ነበር።»

የዚያን ቀን ገጽ ላይ ሦስት መስመር ብቻ አለ። ሥራ የገባችው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በሁለት፣ በሁለት ተኩልና በሦስት ሰዓት ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፏል፤ ክፍል አራት 20.8፣ ክፍል ሦስት 2.1። ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር ግልብጥ ነው።

«ኋላ የጻፈችው ነው ይሉሻል።»

«ይበሉ!» አለች ልጅቷ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗ ውስጥ ቁጣ ታየ።

መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች። ከበሩ በላይ መብራት ሊሰቀልበት የታሰበ ባዶ ቀዳዳ አለ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎበታል። ዘበኛውን ጠርታ የክፍል አራትን በር ብሎኖች አስጠብቃ እንደገና አስፈታችው። ስምንት ብሎን ናቸው። ሰዓቷን ይዛ ቆመች። አራት ደቂቃ ፈጀ።

«ጋሼስ ምን ያህል ጊዜ ይወስድባቸው ነበር?»

«እሳቸውም ያው ናቸው፤ አይቸኩሉም» አለ ዘበኛው። «በእጅ የሚያዘው መለኪያ ቢኖራቸው ደግሞ ሳይለኩ አይገቡም ነበር። አስተባባሪው ትናንት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። እንግዶች አሮጌ ዕቃ እንዳያዩ ብለው።»

የመርማሪዋ ቆሽት አረረ። ግን ገና የሚያሳርሩት ሁለት ሰዎች ይጠብቋት ነበር፤ ሲስተሙን የጻፈው ፕሮግራመርና ሴንሰሩንና ማራገቢያውን ያቀረበው ድርጅት ቴክኒሺያን። ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የሌላውን ፊት አያይም።

«ከበሩ በላይ ያለው መብራት ለምን አልተሰቀለም?»

«የእነሱ ድርሻ ነው» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፤ አንዱ በሌላው ላይ ጣቱን ቀስሮ።

«የክፍል አራት ማራገቢያስ? ዛሬ ጠዋት ሠርቷል?»

ፕሮግራመሩ ቀደመ። «ትእዛዙ ተልኳል።»

«አልደረሰንም» አለ ቴክኒሺያኑ።

«ተልኳል እኮ ነው የምልህ!»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ተልኳል ትላለህ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደረሰንም እላለሁ። የት ሄደ ታዲያ? ነፋስ በላው?»

«በቃ!» አለች መርማሪዋ። «ማራገቢያው አልሠራም። ይኼን ለመስማት ሰው መሞት ነበረበት? አሁን እኔ የምጠይቀውን ብቻ መልሱ። ስክሪኑ ይኼኛው ሴንሰር የክፍል አራት መሆኑን በምን ያውቃል?»

«ሴንሰሮቹ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው» አለ ፕሮግራመሩ። «የክፍል ስም የምንሰጣቸው ሲስተሙ ውስጥ ነው። አንድ ሴንሰር ለአንድ ክፍል። ስማቸው ቢቀያየር መዝገቡ ያለፈውን ጨምሮ አብሮ ይገለበጣል።»

«ማን እንደቀያየረ ይመዘገባል?»

ፕሮግራመሩ ወለሉን አየ። «እሱ በቀጣዩ ምዕራፍ ነው የታሰበው።»

«እሺ፤ ጋሼ ሲገኙ የት ነበራችሁ?»

ፕሮግራመሩ ገና መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ነበር፤ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የደረሰው፤ ዘበኛው በር ከፍቶለታል። ቴክኒሺያኑ ግን መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር። «ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው ያገኘናቸው። በሩን ወለል አድርገን ከፍተን እኔና ዘበኛው ጎትተን አወጣናቸው። አምቡላንስ እስኪመጣ ደረታቸውን ስጫን ነበር። ልጃቸው ራሳቸውን ይዛ፣ ነጋዴዋም እዚያው ሆነው እየጮኹ…» መዳፎቹን ተመለከታቸው።

የፖሙ ባለቤት የሆኑት ነጋዴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል።

«እኔ ነኝ ልጄ ያስገባሁት» አሉ። «ለእንግዶቹ የሚቀመስ አንድ ሳጥን ፖም ከአራት አምጣልኝ አልኩት። "ልጄን ልጠይቅና እትዬ" አለኝ። ጠየቃት። እኔ ምን አውቄ!» በዚህ መሃል ስልካቸው ጮኸ። ሳያዩት ጉልበታቸው ላይ ደፉት።

«ማን ነው?»

«ይኼው ሲስተም ነዋ! በቀን አርባ ጊዜ መልእክት ይልክብኛል። ክፍል አንድ እንዲህ ሆነ፣ ክፍል አምስት እንዲያ ሆነ። ቀንሱልኝ ብዬ ስንት ስብሰባ ላይ ለመንኩ! ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። እኔም ማንበብ ተውኩ።»

«የዛሬዎቹን አላጠፏቸውም?»

«ማን ጊዜ አለው ለማጥፋት!»

መርማሪዋ ስልኩን ተቀብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሁለት መስመር ወደ ማስታወሻዋ ገለበጠችና አመስግና መለሰችላቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ክፍል ሦስት ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቁም ሳጥኑን አስከፍታ ያወጣችውን የእጅ መለኪያ ይዛ መጀመሪያ ብቻዋን ደፉ ላይ ቆማ ለካች፤ ቁጥሩን አይታ «ግቡ» አለች። እንግዶች ሊቀመጡባቸው በነበሩት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው «በጋራ እናበለጽጋለን» የሚል ባነር ተሰቅሏል።

«ሁለት ጽሑፍ አለኝ» አለች መርማሪዋ። «ወረቀቱ ክፍል አራት ቀይ ነበር ይላል። የልጅቷ ደብተር አረንጓዴ ነበር ይላል። አንዱ ይዋሻል። ማንኛቸው እንደሆነ የነገረኝ የእትዬ ስልክ ነው። ዛሬ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ የገባ መልእክት፤ "ክፍል ሦስት፣ አደገኛ፣ አትግቡ። ክፍል አራት፣ ለመግባት ዝግጁ።"»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«መዝገብ ይገለበጣል፤ የተላከ መልእክት ግን አይመለስም። ስለዚህ ልጅቷ ያነበበችው በትክክል ነው። ስክሪኑ ነው የዋሸው። አንድ ሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሦስትንና የአራትን ስም አቀያየረ፤ ጋሼ ከሞቱ በኋላ ደግሞ መልሶ አስተካከለ። የይለፍ ቃሉን ዘበኛውም ያውቀዋል፤ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። ማን ነው ታዲያ?»

አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ መታ አደረገች።

«እነዚህን ወንበሮች ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ የደረደረው ሰው አሥር ጊዜ ገብቶ ወጥቷል። በዚያ ሰዓት ስክሪኑ ይህ ክፍል ይገድላል እያለ ነበር። እሱ ግን አልፈራም።»

አስተባባሪው ብድግ አለ። «ስክሪኑን አላየሁም! ክፍሉ ባዶ መሆኑን አውቃለሁ፤ መጠየቅ አላስፈለገኝም!»

«ባዶም ቢሆን ሳይጠየቅ አይገባም የሚለው መመሪያ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል። የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ይሁን፤ ረስተዋል እንበል።» ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህን ግን መቼ አተሙት? ጥጉ ላይ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ይላል። በዚያ ሰዓት እነዚህ ሁሉ ኮሪደሩ ላይ የጋሼን ነፍስ ለመመለስ ይታገላሉ። አንዱ ገና ታክሲ ውስጥ ነው። ስክሪኑ ፊት የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሰው ወድቆ እርስዎ ወረቀት ያትሙ ነበር። ያተሙት ደግሞ የተስተካከለውን ነው።»

አስተባባሪው ወረቀቱን አየና ተቀመጠ።

«ማራገቢያው እምቢ አለኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስት ሳምንት ለመንኳቸው። አንዱ ተልኳል፣ አንዱ አልደረሰም። አለቆቼ ደግሞ ጉብኝቱ ከከሸፈ ፕሮጀክቱ ይዘጋል አሉ። ስክሪኑን ብቻ ነው የቀየርኩት… ማራገቢያው ሠርቶ ነው ብዬ የአራትን አረንጓዴ ላሳያቸው፣ እንግዶቹ አይተው እስኪወጡ። ማንም ይገባል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲገቡ ግን ሰሙ» አለች መርማሪዋ። «እመሰክራለሁ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በሬዲዮ "ግባ" ስትል ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ በሩ እስኪከፈት አራት ደቂቃ ነበረዎት።»

«አንዷን ሳጥን ይዞ ወዲያው የሚወጣ መስሎኝ… ብናገር ሁሉ ነገር ያበቃል ብዬ…»

ልጅቷ ከወንበሯ ተነሣች። ፊቱ መጥታ ቆመችና ወገቡ ላይ ያለውን ሬዲዮ በጣቷ ነካችው።

«"አትግባ" ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለችው።

አስተባባሪውን ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ፕሮግራመሩና ቴክኒሺያኑ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ፤ ያን ጊዜ «የእነሱ ድርሻ ነው» ያለ አልነበረም። መርማሪዋ ደብተሩን ለልጅቷ መለሰችላት።

«ጠዋት ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው» አለቻት። «አንቺ አይደለሽም።»

ልጅቷ ያኔ አለቀሰች። ቀኑን ሙሉ ይዛው ነበርና ብዙ አለቀሰች፤ እትዬም አቅፈዋት አብረው አለቀሱ። በዚህ መሃል የእትዬ ስልክ ጮኸ። ሊደፉት ካሉ በኋላ እጃቸው ተመለሰ። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ክፍል አራት፣ ለመግባት ዝግጁ ይላል» አሉ። ከሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ጀምሮ፣ ብሎኖቹ ከተሞከሩበት ጥቂት ደቂቃ በቀር፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አየር ሲገባበት ነው የዋለው።

ልጅቷ ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሰዓቱን በእርሳስ ጻፈች። ከቁጥሩ ቦታ ስትደርስ ቆመችና የእጅ መለኪያውን ከመርማሪዋ ተቀበለች።

«መጀመሪያ እኔ ልለካው» አለች፤ ወደ ኮሪደሩም ወጣች።