ከመስኮቱ የጠፋው ባሕር

ኳሱ የለም። መስኮቱ ላይ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

«ተሰረቅሁ!» አሉ ኦቦ ጉቱ፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆመው። የሐምሌ ዝናብ ከኮታቸው ይንጠባጠባል።

አሰላ ውስጥ ያንን አረንጓዴ የብርጭቆ ኳስ የማያውቅ የለም። ጉቱ በወጣትነታቸው ጃፓን አገር፣ አንድ የባሕር ዳርቻ መንደር ተቀምጠው ለፋብሪካ ቡድን ይሮጡ ነበር። ያኖረቻቸው ሴትዮ ትንፋሿን ይዛ ባሕር ውስጥ እየጠለቀች ቀንድ አውጣ የምትለቅም ጠላቂ ነበረች። ስትሸኛቸው ባሏ የዓሣ መረቡን ያንሳፍፍበት የነበረውን ኳስ ሰጠቻቸው። እሳቸውም በእንግዳ ማረፊያቸው መስኮት ላይ ሰቀሉት። ፀሐይ ሲያርፍበት ግድግዳው አረንጓዴ ይሆንና ይወዛወዛል። እኛ የአሰላ ልጆች ባሕርን ያየነው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ጠላቂዎቹ ከውሃ ብቅ ሲሉ የሚያፏጩትን ረጅም ፉጨትም ጉቱ ያፏጩልን ነበር። ደስ ይል ነበር፣ ምን ያደርጋል!

«ማንን ይጠረጥራሉ?» አለች ኢንስፔክተር ዘመናይ።

«እኔ እንጃ። ክፍሉን የምታጸዳው ቢሊሱማ ናት።»

ይቺው በቃች። ቢሊሱማ ተያዘች። የከተማው ወሬ ከፖሊስ ይፈጥናልና እስከ ምሳ ድረስ ስሟ «ሌባዋ» ሆኖ አረፈው። በመስከረም ልትዳር ነው። የእጮኛዋ ቤተሰብ ከዲክሲስ ደውሎ፣ «እውነት ከሆነ ሠርግ የለም» አለ።

«ወላሂ አልነካሁትም» አለች ቢሊሱማ። «ስወለውለው እንኳ እንዳይሰበር እየፈራሁ ነው።»

ዘመናይ አመነቻት። ማመን ግን ማስረጃ አይሆንም።

መጀመሪያ ካሣዬን አስቆመች። ካሣዬ አሮጌ ዕቃ ለቱሪስት የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ኳሱን ሽጡልኝ እያለ ጉቱን ሲነዘንዝ ኖሯል። ያን ጠዋት ክብ ነገር በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፏል።

«ፍታው!»

ፈታው። ዱባ ነው።

«ምን ትሸፍነዋለህ ታዲያ?»

«ነጋዴ ሰው ዱባ ታቅፎ ሲሄድ ያምርበታል?»

ከሰዓት በኋላ ጉቱ ቤት ሄደች። ቤቱ ለእንግዳ ተሰናድቷል፤ በማግስቱ የጠላቂዋ የልጅ ልጅ ናጊሳ ከጃፓን ትመጣለች። አያቷ ሞታለች። በመንደራቸው ነሐሴ ላይ የሙታን ነፍስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ይባላል፤ ቤተሰብም ፋኖስ አብርቶ ይቀበላታል። ናጊሳ ከፋኖሱ አጠገብ የአያቷን ኳስ ልትሰቅል ፈልጋለች። ጉቱም «እመልሳለሁ» ብለው ነበር።

ዘመናይ ጓዳውን ዞረች። ለእንግዳዋ የሚበላ የገብስ ጭኮ በቅቤ ተለውሷል። አንሶላው አዲስ ነው።

«ኦቦ ጉቱ፣ ናጊሳ ስትመለስ ምን ትይዛለች?»

«ኳሱን ነበራ።»

«ከኳሱስ ጋር?»

ጉቱ ጥግ ያለውን የገብስ ጆንያ ሰረቅ አድርገው አዩት።

«እኔም የተወለድኩት እዚሁ ነው» አለች። «የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። እናቴ የጎረቤት ሰሃን ስትመልስ ጭብጥ ቆሎም ቢሆን ጣል ታደርግበት ነበር። እርስዎ እንደ እናት ያኖረችዎትን ሴትዮ ዕቃ ሊመልሱ፣ አብሮት የሚሄድ አንዳች ነገር አላሰናዱም። መጀመሪያውንም ሊመልሱት አላሰቡም።»

ብርጭቆ የሚደበቀው ለስላሳ ነገር ውስጥ ነው። ዘመናይ የገብሱ ጆንያ ውስጥ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሰደደች። ኳሱን ይዛ ወጣች።

ጉቱ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። «እሱ መስኮቱ ላይ እያለ ሴትዮዋም አለች። ወጣትነቴም እዚያው አለ። ተሰረቀ ካልኩ ናጊሳ አትቀየመኝም ብዬ ነው።»

«ቢሊሱማስ?»

«ያ ረቢ! ያስሯታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ስሟን የጠሩት እርስዎ ነዎት። በሐሰት በመክሰስ ይጠየቁበታል።»

ጉቱ ያን ዕለት ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ዲክሲስ ለእጮኛዋ ቤተሰብ ደወሉ። «ሌባው እኔ ነኝ» አሉ። ቢሊሱማን ይቅርታ ለመኗት። እሷ ግን ከእስር እንደተፈታች ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

በማግስቱ ናጊሳ መጣች። ጉቱ ኳሱን ታቅፈው ሊያፏጩላት ሞከሩ፤ ፉጨቱ አልወጣላቸውም። ናጊሳ ከአፋቸው ተቀብላ አፏጨችላቸው፣ ያንኑ ረጅም ፉጨት። እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ቢሊሱማ ልብሷን ልትወስድ መጥታ በር ላይ ቆማለች። ኳሱን አየች፣ የናጊሳን ባዶ እጅ አየች። ጓዳ ገብታ ቅርጫት አመጣች፤ ገብስ ሞላችበት። ኳሱን ከጉቱ እጅ ወስዳ መሐሉ አስተኛችው።

«ይቅር አላልኩዎትም፣ ኦቦ ጉቱ» አለች። «ግን እኔ ካለሁበት ቤት ዕቃ ባዶውን አይወጣም።»

ቅርጫቱን በሁለት እጇ ለናጊሳ ሰጠቻት።