ከሰልፉ የወጣችው እህት

እህት ከልብስ ፋብሪካው መተኮሻ ክፍል ስትወጣ ሰውነቷ ብቻ ነበር የሚወጣው፤ ጉልበቷ እዚያው እንፋሎቱ ውስጥ ይቀር ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆማ ሸሚዝ ስትተኩስ ትውልና፣ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ ደረጃውን ወጥታ በሩን ስትከፍት ሌላ ሥራ ይጠብቃታል... የእናቷ መድኃኒት፣ የእናቷ ሾርባ፣ የእናቷ አንሶላ። አባታቸው የራሱ የጭነት መኪና ያለው ሹፌር ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ እናት በልብ ሕመም አልጋ ላይ ዋለች፤ ትልቋ ልጅ ደግሞ ትምህርቷን ትታ የቤቱ ምሰሶ ሆነች። ሊያገባት የፈለገ አንድ ደግ ሰው ነበር። «ትንሽ ጠብቀኝ፤ ወንድሜ ይመረቅ፣ እናቴ ትዳን» አለችው። ጠበቀ፣ ጠበቀና ሌላ አገባ። ምን ያድርግ? ሰው ስንት ዓመት ይጠብቃል?

ልፋቷ ሁሉ ለታናሽ ወንድሟ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ ያጠናል። ሦስተኛ ዓመት ላይ የገንዘብና የባንክ ኢኮኖሚክስ የሚባለውን ትምህርት ሲጀምር ልቡ እዚያው ቀረ። ቅዳሜ ቤት በመጣ ቁጥር እናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጥና የተማረውን ያወርደዋል። እናቱም አንድ ቀን የማዕከላዊ ባንክ ገዥ እንዲሆንላት ተመኝታ «ገዥው» የሚል ስም አወጣችለት።

«እና ባንኩ የእኔን ገንዘብ ለሌላ ሰው ያበድራል ነው የምትለኝ?»

«አዎ እማዬ። ካዝናው ውስጥ የሚቀረው ጥቂቱ ነው። ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ገንዘቤን ካላለ ችግር የለም።»

«ካለስ?»

«ካለማ ደህናውም ባንክ ይወድቃል። ባንክ የሚቆመው በእምነት ነው።»

«ይኸን ለመማር ነው ሦስት ዓመት የተንከራተትከው? በል ገዥ ከሆንክ፣ ሂድና ሽንኩርት ግዛ!» ትለዋለች። ሦስቱም ይስቃሉ። የእናት ሳቅ ግን ሁልጊዜ በሳል ይቋረጣል...

ሐኪሙ እናት ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት በቀር ተስፋ እንደሌላት ተናገረ። እህት የአባቷን የጭነት መኪና ሸጠች፤ አባቷ መሪው ላይ ያረጀበትን መኪና! ገንዘቡንም የሆስፒታሉ ተራ እስኪደርስ ድረስ ከፋብሪካው መንገድ ማዶ ያለ አንድ ትንሽ ባንክ ውስጥ አስቀመጠችው። ተራው ሊደርስ ሲቃረብ ግን ክፉ ወሬ ተነሳ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዷ ልብስ ተኳሽ ሮጣ መጣችና «ባንኩ ሊዘጋ ነው አሉ! ሰው ሁሉ ገንዘቡን እያወጣ ነው!» ብላ ጮኸች። እህት ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ በረረች።

ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ነበር። ሕፃን ያዘለች አለች፣ ከዘራውን የተደገፈ ሽማግሌ አለ፣ ሁሉም የመስታወቱን በር እያየ ይገፋል። እሷም ፀሐዩ ላይ ስትቆም ቆይታ፣ በሩ ጋ ልትደርስ ስትል ስልኳ ጠራ። ወንድሟ ነበር።

«እታለም፣ ሰልፍ ላይ ነሽ እንዴ? በእናትሽ ውጪ! መምህራችን የባንኩን ሒሳብ አይተውታል፤ ጤነኛ ነው ብለውናል። ባንኩን የሚገድለው ይኸው ሰልፍ ነው። ደግሞ ያን ሁሉ ገንዘብ ይዘሽ ብቻሽን... መንገድ ላይ ቢነጥቁሽስ?»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የተማርኩት እኮ ይኸንኑ ነው! አትፍሪ።»

ያን እውቀት በወጣትነቷ የገዛችው እሷ አይደለችም? እሷ ካላመነችው ማን ሊያምነው ነው? ደግሞም እግሯ ዝሎ ነበር። ከሰልፉ ወጣች። ከኋላዋ የነበረችው ሴት ቦታዋን ለመያዝ ዘላ ገባች፤ ዞር ብላም አላየቻት።

በማግስቱ የመስታወቱ በር በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር። ማዕከላዊው ባንክ ተረክቦታል፣ ሒሳቡ ተጣርቶ ለሁሉም ይከፈላል፣ ታገሡ ተባለ። እስከ መቼ? የሚያውቅ የለም። የታመመ ልብ ግን ታገሥ ሲሉት ይታገሣል? እህት ያልለመነችው ዘመድ፣ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። የሆስፒታሉ ተራ ደረሰ፤ ለሌላ በሽተኛም አለፈ። ወንድም ትምህርቱን ጥሎ መጣ። እህቱ አልሰደበችውም፤ ዝም አለችው። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ ቃል ግን ከአፏ አይወጣም። ምነው በሰደበችው!

አንድ ከሰዓት በኋላ እናት በደከመ እጇ ልጇን ጠራችው።

«ገዥው... እስቲ ንገረኝ። ገንዘቡን ማን ወሰደው?»

«ማንም አልወሰደውም እማዬ። ሰው ሁሉ ባንዴ ፈራ።»

«አንተስ እህትህን ምን አልካት?»

«አትፍሪ... አትፍሪ አልኳት።» ፊቱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበረ።

እናት ፀጉሩን ደባበሰችው። «ታዲያ ልጄ፣ እህቱን አትፍሪ ያለ ወንድም ምን አጠፋ?»

እህት በሩ ላይ ቆማ ይኸን ሁሉ ሰማች። ሰማች እንጂ ልቧ አልራራም። በሳምንቱ እናት አረፈች። ከቀብር መልስ ወንድም ሁለት ሸሚዝ በፌስታል ይዞ ወጣ፤ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀውም አልነበረም። ያን ዕለት በዚያ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ሰው የሞተ ያህል ሆነ!

ዓመት አልፎ ሌላው ሲጋመስ አስቀማጮች ገንዘባችሁን ውሰዱ ተባሉ። እህት ሄደች። ሳይጎድል ሙሉ በሙሉ ሰጧት። ገንዘቡን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትቆም፣ ወጣቷ ገንዘብ ከፋይ ያጽናናቻት መስሏት «እህቴ፣ ባንኩ እኮ ሲጀመር ጤነኛ ነበር። ሰው ተረባርቦ ነው የጣለው» አለቻት።

እህት ወጣች። ወደ ቤት አልሄደችም። ከሰው ሰው እያጠያየቀች አንድ የሲሚንቶ መጋዘን ደረሰች። ወንድሟ ከእግር እስከ ራሱ አመድ መስሎ፣ ከረጢት ተሸክሞ ከመኪና ሲወርድ አየችው። ያ የመጽሐፍ ገጽ ብቻ የሚያውቅ ትከሻ! እሱም ሲያያት ሸክሙን አወረደ፤ ሊቀርባት ግን ፈራ።

«ገንዘቡ ተመለሰ» አለችው። «ባንኩ ደህና ነበር። ልክ ነበርክ።»

ከረጢቱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ዕንባው ፊቱ ላይ ባለው ሲሚንቶ መሀል መንገድ እያበጀ ወረደ።

«ልክ መሆኔ ለእማዬ ምን ፈየደላት፣ እታለም?»

አጠገቡ ተቀመጠች። «ከሰልፉ የወጣሁት በራሴ እግር ነው፤ የቀጣሁት ግን አንተን ብቻ ነው» አለች። «አሁን ደክሞኛል፣ ወንድም ዓለም። መቀየሙም ደከመኝ። ተነስ፣ ቤትህ እንሂድ። ትምህርትህንም ጨርስ።»

«ያንን ትምህርት? እንዴት አድርጌ?»

«እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው መተኮስ ነው።»

ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ግን ወደ ሲቃ ተለወጠ። እሷም አቅፋው አለቀሰች፤ ለቀብሩ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።

ወንድም ትምህርቱን ጨረሰ። እህትና ወንድም ዛሬም አብረው ይኖራሉ፤ ከእናታቸው አልጋ ባዶነት ጋር። ወንድም የተናገረው እውነት ነበር። እህት ያመነችው በፍቅር ነበር። ገንዘቡን ሊያወጣ የተጋፋውም ሕዝብ ለልጆቹ ፈርቶ እንጂ ለክፋት አልነበረም። ታዲያ ማን ይወቀስ? በዳዩ ቢታወቅ ሰው ይረግመው ነበር፤ ይቅር ይለውም ነበር። አንዳንዱ ዕጣ ግን ከማንም ክፋት ሳይሆን ከደግ ሰዎች እጅ ይወጣና፣ የሚጣሉትም የሚታረቁትም ባለጋራ እንኳ ሳይሰጥ ያልፋል...