በላጲስ የተጠረገው ካርድ

ሠዓሊው በኮምፒውተሩና በብረት መስኮቱ መካከል ተዘርሮ ተገኘ። ሁለቱም መዳፎቹ ተቃጥለዋል። ኤሌክትሪክ እንደገደለው ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም ነበር፤ መርማሪ ያስፈለገው የቢሮውን መስመር የጠገነው ኤሌክትሪሺያን ጥፋቱን አላምንም ብሎ ስላስቸገረ ነው።

«ልጆቼን ይንሳኝ! ትናንት ኤሌክትሪክ የሚቆርጠውን ብሬከር አስተካክዬ ነው የገጠምኩት። ብሬከሩን አልፎ መስመሩን በሽቦ ያገናኘው ሌላ ሰው ነው!»

ፖሊሱ ግን ካቴናውን አውጥቷል። የሦስት ልጆች አባት በሰው ጥፋት ሊታሰር ነው።

«ቀስ በሉ» አለች መርማሪዋ። ይህን ከማብዛቷ የተነሳ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ቀስ በሉ» ነው የሚሏት።

ቪዲዮ ጌም የሚሠራው ይህ ቢሮ ሦስት ሰው ብቻ ነበረው፤ ሟቹ፣ ታናሽ ወንድሙ ፕሮግራመሩና ሥራ አስኪያጇ። መርማሪዋ ከሥራ አስኪያጇ ጀመረች።

«ሃያ ዓመት ለጌሞቻችን ብርሃንና ጥላ በእጁ ሲስል የኖረ ሰው ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰካው አዲሱ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ብርሃኑን ራሱ አስልቶ ያመጣዋል። ‹ከእንግዲህ ማን ይፈልገኛል?› እያለ ይብሰለሰል ነበር።»

«ካርዱ የት ነው?»

«ቁምሳጥን ውስጥ፣ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም። ቁልፉ ያለው እኔና ፕሮግራመሩ ጋ ነው።»

ፕሮግራመሩ ዓይኑ ደም መስሏል። «ወንድሜ በአሮጌው ካርድ ነበር የሚሠራው። ጠዋት ስገባ... ሞቶ አገኘሁት።»

መርማሪዋ የኮምፒውተሩን ቀፎ ከፈተች። የተሰካው አሮጌው ካርድ ነው። ከሥሩ ግን የላጲስ ፍርፋሪ ተበትኗል።

«ሠዓሊ አይደል፣ የሱ ይሆናላ» አለ ፖሊሱ።

«በእርሳስ ይስል ነበር?»

«ኧረ እርሳስ ከጣለ አሥር ዓመቱ!» አለች ሥራ አስኪያጇ። «በኤሌክትሮኒክ ብዕር ነው የሚስለው።»

መርማሪዋ የሁሉንም ጠረጴዛ አየች። ከዚያ ሁሉንም ሰብስባ የሟቹን ሥራ በሌላ ኮምፒውተር አስከፈተች። ሟቹ ዛሬ ጠዋት ከጌሙ ያስቀራቸው ሦስት ፎቶዎች ነበሩ። በሦስቱም ላይ አንድ ክፍል፣ አንድ መስታወት፣ አንድ ፋኖስ ይታያል። ፋኖሱ ቦታ በቀየረ ቁጥር በመስታወቱ ውስጥ ያለውም አብሮት ቀይሯል።

«ይህ በአሮጌው ካርድ ይሆናል?»

«በጭራሽ» አለች ሥራ አስኪያጇ። «በአሮጌው የመስታወቱ ምስል ቀድሞ የተሳለ ነው። ፋኖሱ ቢነሳም እዚያው ይቀራል።» ንግግሯን ሳትጨርስ ገባትና አፏን ያዘች።

«እንግዲያው ሲሞት የተሰካው አዲሱ ነበር። ይህ ካርድ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረ፤ አንድ ሰው በሽቦ አለፈው። ብሬከሩ ቢሠራ ቀፎው ላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ይቆርጥ ነበር። ያ ሰው ጠዋት ሬሳውን ሲያይ ደነገጠና አዲሱን ካርቶኑ ውስጥ አሽጎ አሮጌውን መለሰ። ከመሰካቱ በፊት ግን እንደ ልማዱ የካርዱን የመሰኪያ ጥርሶች ቆሻሻው እንዲለቅ በላጲስ ጠረገ።» ወደ ፕሮግራመሩ ዞረች። «ላጲሱ ያንተ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከመፍቻው ጎን። ልጄ፣ ወንድምህ እዚያ ተዘርሮ ካርድ ትጠርጋለህ?»

ፕሮግራመሩ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

«እጄ ነው... እጄ ለምዶ ነው። ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ‹ሳትጠርግ እንዳትሰካ› እያለ። ትናንት ከሥራ በኋላ የገጠምኩት ላስደስተው ብዬ ነበር። ጥላው እንዴት እንደሚያምር አይቶ ከካርዱ ጋር እንዲታረቅ።»

«ሽቦውን ግን አላነሳኸውም።»

«አላነሳሁም» አለ ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ዞሮ። «እሳቸው እንዲጠየቁበት ነው የተውኩት። ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

ኤሌክትሪሺያኑ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም።

«አይቶታል ግን?» አለ ፕሮግራመሩ ወደ መርማሪዋ ቀና ብሎ። «ወዶት ነበር?»

«ፋኖሱን ሦስት ጊዜ አንቀሳቅሶ ሦስቴ ፎቶ አስቀርቷል። የጠላው ሰው እንዲህ አያደርግም።»

ልጁ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ኤሌክትሪሺያኑ ትከሻውን ያዘው።

«እናታችሁ ሰምታለች?»

«አልሰማችም።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ተጠጋ።

«ቀስ በሉ» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ እናቱ ጋ እንሂድ። ራሱ ይንገራት።»