ስድስተኛዋ ፍሬ

«ጣቢ፣ ስድስተኛው ባቄላ ነው እንዴ?»

የጠጅቱ ጣት ፍሬ የተሰካበት ክር ላይ ቆመ። ሰኞ ጠዋት፣ የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ጓደኛሞች ከክፍላቸው ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። ጠጅቱ በልጅነቷ ከጫንጮ ወደ ሰበታ የመጣችው በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ልትማር ነበር፤ አሁን ግን መደበኛ ትምህርት ቤት አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታ ከጣቢታ ጎን ትቀመጣለች። ብሬል ስታነብ ጣቷ ከስንቱ ዓይን ይፈጥናል።

«በቆሎ ነው» አለች ጣቢታ።

«እስኪ…» ጠጅቱ መልሳ ዳሰሰችው። «ጠፍጣፋ እኮ ነው። ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«በብርዱ ጣትሽ ደንዝዞ ነው። ላሽ በዪው በቃ።»

ጠጅቱ ጣቶቿን ወደ አፏ አስጠግታ እፍ እፍ አለችባቸው። «ዋዮ! ምን ነካኝ?» አለች ለራሷ።

ምንም አልነካትም። ጣቢታ ናት የዋሸችው፤ ነገሩ የተበላሸው ደግሞ ቅዳሜ ዕለት ነው።

የባዮሎጂ መምህሩ ቲቸር ጃለታ ለየቡድኑ አንድ አንድ ግዙፍ ሞለኪውል አከፋፍለው ነበር። ለአንዱ ስታርች፣ ለአንዱ ስብ፣ ለእነአክመል ዲኤንኤ። ለጣቢታና ለጠጅቱ ፕሮቲን ደረሳቸው፤ እሱም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን። የመጀመሪያዎቹን ስምንት አሚኖ አሲዶች በቅደም ተከተላቸው ሠርተው ያቀርባሉ፤ ከሃያ ይያዛል። «ፕሮቲንን ክር ላይ የተሰካ ዶቃ በሉት» ብለዋል ቲቸር ጃለታ። «ተራው ቅርጹን ይወስናል፣ ቅርጹ ደግሞ ሥራውን።»

በእህል እንሥራው ያለችው ጠጅቱ ናት። «ቀለም ለእኔ ምኔም አይደለም። እህል ግን በእጄ አውቃለሁ፣ የገበሬ ልጅ ነኝ።» ስለዚህ ባቄላው ቫሊን፣ በቆሎው ግሉታሚክ አሲድ ተባለ፤ ሽንብራው፣ አተሩ፣ ግብጦው፣ የዱባ ፍሬው ሁሉም ስም ወጣለት። ጣቢታ ፍሬዎቹን ዓርብ ዘፈዘፈቻቸው። ቅዳሜ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች፣ እናቷ ብርሃነሽ ከምትሠራበት ፋብሪካ ባመጣችው ትርፍራፊ ክር ላይ ትሰካቸው ጀመር።

ጣቢታ ግን በቁሟ የምታልም ልጅ ናት። እጇ ይሠራል፣ እሷ የለችም። ክሩ ከጭኗ ላይ ተነስቶ በአጥሩ ሥር ሾልኮ፣ የፋብሪካውን ግንብ ታክኮ፣ የጅማን መንገድ ይዞ ሲሄድ፣ እሷም ፍሬ ፍሬውን እየረገጠች ስትከተለው ቆየች። ደስ ይል ነበር። ስትነቃ ግን ለስድስተኛው ቦታ ያነሳችው በቆሎ በመርፌው ለሁለት ተሰንጥቋል፤ የቀረችው አንዲት በቆሎ ደግሞ ለሰባተኛው ናት። ሌላው የተዘፈዘፈ በቆሎስ? ብርሃነሽ ንፍሮ አድርጋው፣ እየዘገነች ስትቅመው የነበረችው ራሷ ጣቢታ! የፕሮጀክቱን ግሉታሚክ አሲድ ቅርጥፍ አድርጋ በልታዋለች። ደረቅ በቆሎ መርፌ አያስገባም፣ ተዘፍዝፎ ማደር አለበት። ባቄላ ግን በሽ በሽ ነው። «አንድ ፍሬ ምን ታመጣለች!» ብላ ባቄላ ሰካችበት።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት እነአክመል ዲኤንኤያቸውን በሽቦና በለስላሳ ቆርኪ ሠርተው አቀረቡ። ሲጨርሱ ቲቸር ጃለታ ጠመኔ አነሱ።

«ዲኤንኤ ላይ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ምን እንደሚመጣ ልንገራችሁ። ሄሞግሎቢን ላይ ስድስተኛው ግሉታሚክ አሲድ ይወጣና ቫሊን ይገባል። በቃ፣ ይችው ናት። ግን ክብ የነበረው ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይጎብጣል።»

በቆሎው ወጥቶ ባቄላው። ሰሌዳው ላይ የተሳለው ክብ ሲንሳፈፍ ለጣቢታ ታያት፤ ወዲያው እሷም ሞቅ ባለ ቀይ ወንዝ ላይ ነበረች። ክብ ክቦቹ ሕዋሶች አየራቸውን ተሸክመው በዝግታ ያልፏታል። ከዚያ አንድ ጎባጣ መጣና ጠባቡ ጋ ሲደርስ ተሰነቀረ፤ ከኋላው ያሉት ዓለም ገና ላይ መንገድ እንደተዘጋባቸው ሚኒባሶች ተደረደሩ። ወንዙ ቆመ።

ያነቃት የጠጅቱ ጣት ነው። የብሬል ወረቀቷ ላይ አንዱን መስመር ያነባል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያነባል። ሦስት ጊዜ። ጠጅቱ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ኧረ ጣቴ እያምታታብኝ ነው። እሱም ከከዳኝ ምን ቀረኝ?» ጠጅቱ ሳቅ ብላ ነው ያለችው። ጣቢታን ግን ማልቀስ አማራት።

የእነሱ ተራ በማግስቱ ጠዋት ነበር፤ ጣቢታ ቤት እንደገባች አንዲት በቆሎ ዘፈዘፈች። ጠዋት ፍሬዋ ለስልሳ ጠበቀቻት። ፈትቶ መልሶ መሰካት አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ሃያ ከሃያ ይገኛል፣ ማንም አያውቅም። ጠጅቱም ስትዳስሰው በቆሎ ታገኛለች፤ «ለካስ እውነትም ጣቴ ነው የተሳሳተው» ትላለች። መርፌው በጣቢታ እጅ ላይ ቆመ።

«ጣቢታ! ምን ተገትረሽ ታልሚያለሽ? ረፍዷል እኮ!» አለች ብርሃነሽ።

በቆሎዋን ኪሷ ከተተች። ቋጠሮውን አልፈታችውም።

ጠጅቱ ትምህርት ቤቱ በር ጋ ትጠብቃት ነበር። «አካም ቡልቴ፣ ጣቢ? እንዴት አደርሽ?»

ጣቢታ ክሩን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ስድስተኛውን ንኪው።»

ጣቶቿ እየቆጠሩ ሄደው ቆሙ።

«ምንድን ነው?» አለች ጣቢታ።

«አንቺ ንገሪኝ።»

«ባቄላ ነው። ትናንትም ባቄላ ነበር። ጣትሽ ልክ ነበር ጠጅቱ፤ ዋሽቼሽ ነው።»

«ማታ ጨውና ስኳር በጣቴ መለየት ፈርቼ ቀምሼ ነው ያረጋገጥኩት» አለች ጠጅቱ ቀስ ብላ። «የገዛ ቤቴ ውስጥ።»

ጣቢታ በቆሎዋን አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችላት። ጠጅቱ በጣቶቿ መሃል አንከባለለቻት፣ ወገቧን ዳሰሰች፣ ጫፏን ዳሰሰች፣ ኪሷ ከተተቻት። ደወሉ ተደወለ። ፈትቶ ለመስካት ጊዜ አልነበረም። ሁልጊዜ የጣቢታን ክንድ ይዛ የምትገባው ልጅ ዛሬ ዘንጓን ዘርግታ ብቻዋን ገባች።

ክፍሉ ፊት ቆመው ጠጅቱ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ጠራች። አምስተኛውንም ጠራች።

«ስድስተኛው?» አሉ ቲቸር ጃለታ።

«ባቄላ ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ቲቸር ጃለታ እስክሪብቷቸውን ከወረቀቱ አነሱ። «ባቄላ? እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ ቲቸር» አለች ጠጅቱ፣ ጣቷን ሳታነሳ። «ሰባተኛው በቆሎ። ስምንተኛው የዱባ ፍሬ።»

ጣቢታ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አወጣች። «ባቄላውን የሰካሁት እኔ ነኝ ቲቸር» አለች።